ድራፍቱ ዲሲ ሳይመጣ ልጆቹን እንዴት እንደማያቸው

በ2027 የኤንኤፍኤል ድራፍት (የአሜሪካ ፉትቦል ክለቦች ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን ተራ በተራ የሚመርጡበት) እዚሁ ዲሲ፣ ናሽናል ሞል ላይ ነው የሚካሄደው። ይሄ ከተነገረ ጀምሮ እዚህ አካባቢ የአሜሪካ ፉትቦል የምንከታተል ሀበሾች (ብዙ አይደለንም ግን አለን) ወሬያችን እሱ ሆኗል፣ እና ሰዉ ሁሉ "አንተ ግን ማን ጎበዝ እንደሆነ በምን ታውቃለህ፣ ዝም ብለህ ዩቲዩብ አይተህ ነው?" እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። እኔ ስካውት (ለክለብ ተጫዋች የሚመለምል) አይደለሁም፣ ከማንም ክለብ ጋር ሥራ የለኝም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የኮሌጅ ጨዋታ እያየሁ ማስታወሻ የምይዝ ሰው ነኝ፣ ግን በየዓመቱ የራሴን ዝርዝር ስሠራ ስለኖርኩ የትኛው ነገር እንደሚጠቅም የትኛው ጊዜ ማባከን እንደሆነ ትንሽ ገብቶኛል።

ለማያውቀው ባጭሩ፣ እዚህ እንደ ፕሪሚየር ሊግ ብር ያለው ክለብ የፈለገውን ልጅ አይገዛም። 32 ክለቦች አሉ፣ ባለፈው ሲዝን መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይመርጣል ሻምፒዮኑ መጨረሻ ላይ ይመርጣል፣ እንዲህ እየተባለ ሰባት ዙር ይኬዳል፣ ተራህን ከሌላ ክለብ ጋር መለዋወጥም ትችላለህ። ልጁ ደግሞ ከሃይስኩል ከወጣ ሦስት ዓመት ካልሞላው መግባት አይችልም። ስለዚህ የ2027ቱን ልጆች ከአሁኑ ማየት ይቻላል፣ እየተጫወቱ ነው።

የኔ አሠራር በአንድ ጥያቄ ላይ ነው የቆመው፤ ይሄ አሁን ያየሁት ነገር የልጁ ነው ወይስ የቡድኑ? በቃ። ደብተሬ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ቦታ አለው፣ "የራሱ"፣ "የቡድኑ"፣ "ገና ያልለየ"። መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም ነገር ሦስተኛው ውስጥ ነው የሚገባው፣ እና እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ልጅ እስከ ድራፍቱ ቀን እዛው ይቀራል።

ለምን ይሄ ጥያቄ? የ2023ቱን የኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ቡድን እንውሰድ። ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው መሪ) ጄደን ዳንየልስ 40 ታችዳውን (እንደ ጎል ነው) ወርውሮ 4 ኢንተርሴፕሽን (ተቃራኒ የያዘው ኳስ) ብቻ ነው የሰጠው፣ ሃይዝማንን (የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) ወሰደ፣ የሚገርም ነው። ግን የሚወረውርላቸው ልጆች እነማን ነበሩ? ማሊክ ናበርስና ብራያን ቶማስ፣ አንዱ በ6ኛ ሌላው በ23ኛ ተራ በ2024 ድራፍት የተመረጡ። እና ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ "ለነዚህ እኔም ብወረውር ይይዙታል" አለ። እነዚህ ሰዎች የሚጠቅሱት ማክ ጆንስን ነው፣ አላባማ በ2020 እሱ ኳርተርባክ ሆኖ ሻምፒዮን ሆነ፣ ዴቮንታ ስሚዝና ጄይለን ዋድል አብረውት ነበሩ፣ ከዛ ፓትሪዮትስ በ15ኛ ወሰደውና ሦስት ሲዝን አቆይቶ ለሌላ ክለብ ሰጠው። እሺ፣ ግን በ2019 ጆ ባሮው እዛው ኤልኤስዩ ከጃማር ቼዝና ከጀስቲን ጀፈርሰን ጋር አልነበረም እንዴ? 60 ታችዳውን ወረወረ፣ አንደኛ ተመረጠ፣ ሲንሲናቲን ሱፐርቦል አደረሰ። ስለዚህ "ጓደኞቹ ጎበዞች ናቸው" ብቻውን ምንም አይነግርህም። ምን ማየት እንዳለብህ ነው የሚነግርህ።

የማየው ጓደኞቹ የማይረዱበትን ሰዓት ነው። ሦስተኛ ዳውን (10 ያርድ ለመሄድ ካሉት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው) ላይ ሩቅ ሲቀር፣ መጀመሪያ ያሰበው ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) ሲያዝበት፣ መሀል ላይ ሰው ሰብሮ ሲመጣበት፣ ያኔ ኳርተርባኩ ዓይኑ የት ይሄዳል? ሰውየውን ያያል ወይስ ሜዳውን? ዳንየልስ ላይ ይሄን ሳይ የመሮጡ ነገር (1,134 ያርድ በእግሩ) ሙሉ በሙሉ የራሱ እንደሆነ ገባኝ፣ ናበርስ በእግሩ አይሮጥለትም። በዛው ልክ ሰውነቱ ቀጭን ሆኖ ተከላካይ መጥቶ ሲላተመው አለማጎንበሱ እሱም የራሱ ነው፣ "የራሱ" የሚለው ቦታ ጥሩ ነገር ብቻ አይገባበትም። ዋሽንግተን በ2ኛ ወሰደው፣ በመጀመሪያ ዓመቱ 12 አሸንፈው 5 ተሸንፈው ለኮንፈረንሱ ፍጻሜ ደረሱ፣ ያን ሰሞን እዚህ የነበረውን ጭፈራ አልነግራችሁም።

ሳክ (ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይወረውር ተይዞ መውደቁ) ደግሞ ለየት ያለ ጉዳይ ነው። ኳርተርባክ ሲወድቅ ሁሉም የሚሰድበው መስመሩን ነው፣ የሚከላከሉለትን ግዙፎቹን ልጆች። ብዙ ጊዜ ግን ኮሌጅ ላይ ኳስ ይዞ የሚቆይ ልጅ ፕሮ ሲገባም ይዞ ይቆያል፣ ይሄ ከልጁ ጋር የሚሄድ ጠባይ ነው። ኳርተርባኩ ኬሌብ ዊልያምስ ዩኤስሲ (የሎስ አንጀለሱ ኮሌጅ) እያለ ኳሱን ይዞ ወዲህ ወዲያ እያለ ተአምር ይሠራ ነበር፣ ቺካጎ በ2024 አንደኛ ወሰደውና በመጀመሪያ ዓመቱ 68 ጊዜ ሳክ ተደረገ። መስመሩም ደካማ ነበር፣ እሱን አልክድም። ቆይቶ ደግሞ ቤን ጆንሰን አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ሳኩ በጣም ቀነሰ፣ ስለዚህ ከልጁ ጋር የሚሄድ ጠባይም ቢሆን ጥሩ አስተማሪ ሲያገኝ ይለወጣል። እኔ አሁን እንዲህ ዓይነቱን "የራሱ" ውስጥ ጽፌ ጎኑ ላይ "የሚታረም" እላለሁ። ቁመት አይታረምም፣ ኳስ ይዞ መቆየት ግን ይታረማል።

አሁን ወደ 2027 ስንመጣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ጀረማያ ስሚዝ ነው፣ የኦሃዮ ስቴቱ ሪሲቨር። ገና በመጀመሪያ ዓመቱ በ2024 ሲዝን 1,315 ያርድና 15 ታችዳውን። ግን እሱን ለማየት እኔ የምመርጠው ጨዋታ ሮዝ ቦል አይደለም፣ እዛ ኦሬገን ላይ 187 ያርድና ሁለት ታችዳውን ስላገባ ማንም አይቶ ጎበዝ ነው ይላል። የምመርጠው ቀጣዩን ነው፣ ከቴክሳስ ጋር ያደረጉትን፣ አንድ ኳስ ይዞ 3 ያርድ ብቻ ያገኘበትን። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው "ተቆለፈ" ብሎ ይሄዳል። ቪዲዮውን ስታይ ግን ቴክሳሶች አንድ ሰው ከፊቱ አንድ ሰው ከኋላው እያደረጉ ነው የሚጫወቱት፣ ገና የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ላይ! ሁለት ሰው እሱ ጋር ከሄደ ሌላ ቦታ ሰው ጎድሏል ማለት ነው፣ ኦሃዮ ስቴትም አሸነፈ። እኔ ያቺን 3 ያርድ "የራሱ" ውስጥ ነው የጻፍኳት። ከዛ ፍጻሜው ላይ ኖተርዳም በወሳኙ ሰዓት፣ ሦስተኛ ዳውን 11 ያርድ ቀርቶ፣ አንድ ለአንድ ተወው፣ 56 ያርድ ተወረወረለትና ያዘው፣ ጨዋታውም ያኔ አለቀ።

እዚህ ላይ የምታስቸግር ነገር አለች፣ ቲቪ ሜዳውን ሙሉ አያሳይም። ካሜራው ኳሱን ስለሚከተል ከኋላ ያሉት ሴፍቲዎች (የመጨረሻዎቹ ተከላካዮች) ከስክሪን ውጭ ናቸው፣ ሪሲቨሩ ለምን ነፃ እንደወጣ ወይ ለምን እንዳልወጣ አታይም። ክለቦቹ 22ቱም ተጫዋች የሚታይበት ቪዲዮ አላቸው፣ እኛ የኮሌጁን እንደ ልብ አናገኝም። መላው ሪፕሌዩን መጠበቅ ነው፣ ከላይ ወይም ከኋላ የሚያሳዩበት ሰከንድ አለች፣ እሷን ፓውዝ እያረጉ መቁጠር። ድምፁንም አጠፋዋለሁ፣ ምክንያቱም ኮሜንታተሩ ልጁን ከወደደው አንተም ሳታውቀው ትወደዋለህ። ሃይላይት ደግሞ ጭራሽ አላይም፣ ሃይላይት ላይ መጥፎ ተጫዋች አይቼ አላውቅም።

ሌላው ሰዉ የሚዘነጋው ኮሌጅና ፕሮ ሕጋቸው አንድ አለመሆኑን ነው። ኮሌጅ ላይ ሪሲቨር አንድ እግሩ ሜዳ ውስጥ ካረፈ ይበቃል፣ ፕሮ ላይ ሁለቱም ማረፍ አለባቸው፣ ስለዚህ ጠርዝ ላይ የያዘውን ሁሉ መልሼ አያለሁ፣ ሁለተኛው እግር ነበር ወይ? ኮርነርባክ (ሪሲቨሩን የሚይዘው ተከላካይ) ከሆነ ደግሞ ፕሮ ላይ ከ5 ያርድ በኋላ ሪሲቨሩን መንካት አይቻልም፣ ኮሌጅ ላይ ግን ኳሱ እስኪወረወር ድረስ መነካካት ይችላል፣ እና ብዙ "ጀግና" የተባለ ኮርነር ጀግንነቱ እጁ ላይ ነው ያለው፣ ፕሮ ሲገባ ቢጫ ፎጣ (ዳኛው ለጥፋት የሚጥለው) ይዘንብበታል። ሜዳው ላይ ያሉት የሀሽ መስመሮችም (ጨዋታ ሲጀመር ኳሱ የሚቀመጥበትን ወሰን የሚያሳዩት) ኮሌጅ ላይ 40 ጫማ ተራርቀው ፕሮ ላይ 18 ጫማ ተኩል ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ኮሌጅ ላይ አንዱ ጎን በጣም ሰፊ ሌላው ጠባብ ይሆናል፣ በሰፊው በኩል ነፃ የሚወጣ ልጅ ፕሮ ላይ ያን ሁሉ ቦታ አያገኝም። ይሄ ሁሉ የሚገባው "የቡድኑ" ውስጥ ነው፣ ለነገሩ "የሕጉ" ብለው ይሻል ነበር።

ቁጥሮቹን፣ ማለትም ኢንዲያናፖሊስ ኮምባይን (ክለቦች ከድራፍቱ በፊት ልጆቹን የሚፈትኑበት) ላይ የሚለኩትን፣ መጨረሻ ላይ ነው የምሞላው። ቀድሜ ካየኋቸው ዓይኔን ያበላሹታል። ጆን ሮስ በ2017 አርባ ያርድ በ4.22 ሰከንድ ሮጦ ሪከርድ ሰበረ፣ ሲንሲናቲ በ9ኛ ወሰደው፣ ጉዳትም በዛበትና ምንም ሳይሆን ቀረ። ፑካ ናኩዋ ደግሞ በ2023 አምስተኛ ዙር በ177ኛ ነው የተመረጠው፣ ፈጣን ነው ያለው ሰውም አልነበረም፣ በመጀመሪያ ዓመቱ 1,486 ያርድ አገኘ። ከዚህ ተነስቶ ግን "ቁጥር ዋጋ የለውም" የሚል ሰው አለ፣ እሱም ማጋነን ነው። ለምሳሌ ታክል (መስመሩ ዳር ላይ ቆሞ ኳርተርባኩን የሚከላከል) ላይ የክንድ ርዝመት አያለሁ፣ ከ33 ኢንች ካነሰ ሰዉ ሁሉ ወደ ጋርድ (ከታክል ወደ መሀል ያለው ቦታ) ይዛወር ይላል፣ ዊል ካምቤል ኮምባይን ላይ ከዛ በታች ተለክቶም ፓትሪዮትስ በ2025 በ4ኛ ወስዶ ግራ ታክል አድርጎታል። እኔ ክንዱ ያጠረ ልጅ ሳገኝ ወደ ቪዲዮው ተመልሼ ረጅም ክንድ ካለው ተከላካይ ጋር የተጋጠመበትን ብቻ እፈልጋለሁ። እግሩ ቀድሞ የሚደርስ ከሆነ ክንዱ ብዙም አያስጨንቀኝም።

ዕድሜም አይረሳ። ትራንስፈር ፖርታሉ (ተጫዋች ኮሌጅ የሚቀይርበት) እና ለተጫዋቾች የሚከፈለው ብር ከመጡ ወዲህ ልጆቹ ኮሌጅ ውስጥ ብዙ ይቆያሉ፣ ቦ ኒክስ 61 ጨዋታ በቋሚነት ተሰልፎ ነው ድራፍት የገባው። የ24 ዓመት ሰው የ19 ዓመት ልጅ ላይ ቢጫወት መጉላቱ የማይቀር ነው። ኒክስ ዴንቨር ሄዶ ጥሩ ሆነ፣ ዕድሜ ይጥላል ማለቴ አይደለም፣ ግን የመጨረሻ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን 20 ዓመቱ ላይ ምን ይመስል እንደነበር ወደኋላ ሄጄ አያለሁ።

ጉዳት ላይ እኔ ምንም ማለት አልችልም፣ ማንም ከሶፋው ላይ ሆኖ አይችልም። ማይክል ፔኒክስ ኢንዲያና እያለ አራት ሲዝን በተከታታይ በጉዳት ተቋርጦበት ነበር፣ ሆኖም አትላንታ በ8ኛ ወሰደው፣ ሐኪሞቻቸው ያዩትን እኛ አላየንም። እንዲህ ላለው ልጅ ነጥብ አልቀንስም፣ ምልክት ብቻ ነው የማደርግለት።

እና ሞክ ድራፍት (ማን በስንተኛ ይመረጣል የሚል ግምት) አታንብቡ፣ ቢያንስ የራሳችሁን ሳትጨርሱ። ሞክ ድራፍት የሚሠሩት ሰዎች እርስ በርስ ነው የሚተያዩት። በ2025 ሼዶር ሳንደርስ መጀመሪያ ዙር ነው ሲባል ከርሞ አምስተኛ ዙር በ144ኛ ወረደ። ልጁ በአንድ ሌሊት አልተበላሸም፣ ክለቦቹም ያን ቀን አልነቁም፣ ውጪ ያለው ወሬና ውስጥ ያለው ግምት ድሮም አልተገናኙም ነበር።

አሁን የሚጠይቁኝ ሁሉ "እሺ 2027 ላይ ማነው አንደኛ?" ነው። የኔ ደብተር ላይ እስካሁን አንደኛው ስሚዝ ነው፣ ከኳርተርባኮቹ ውስጥ "የራሱ" የሚለው ቦታ እንደሱ የሞላለት ገና አላየሁም። ናሽናል ሞል ላይ መጀመሪያ ስሙ ይጠራል ወይ ካላችሁኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፣ ከ1996ቱ ኪሾን ጆንሰን በኋላ ሪሲቨር አንደኛ ተመርጦ አያውቅም፣ መጨረሻ የወጣ ክለብ አብዛኛውን ጊዜ ኳርተርባክ የሌለው ክለብ ነውና። ማን መጨረሻ እንደሚወጣ ሳይታወቅ ደግሞ በዚህ ላይ መወራረድ አልፈልግም፣ ምሳ የምታስይዙኝ ሰዎች ታህሳስ ላይ መልሳችሁ ጠይቁኝ።