ሐምሌ ላይ ነሐስ አታፍስሱ

የአባቴን ራስ በነሐስ ለመሥራት ስነሣ የፈራሁት እሳቱን ነበር። ጉድ ያደረገኝ ግን ውሃ ነው።

ነሐስን የመረጥኩት በአባቴ ምክንያት ነው። ልጅ ሳለሁ ለገሃር ወስዶ የይሁዳ አንበሳን እያሳየኝ «ይህ ሮም ሄዶ የመጣ ነው» ይለኝ ነበር። በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓሉ የቆመው አንበሳ በወረራው ዘመን ተነቅሎ ሮም ተተከለ፤ ወደ ቦታው የተመለሰው ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ጊዮርጊስ ፊት ያለው የምኒልክ ሐውልትም በዚያው ወረራ ወርዶ ተቀብሯል፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ተነሥቶ ፈረሱ ላይ እንዳለ ቆሟል። ጀሶ ቢሆን ኖሮ ከአፈር የሚወጣው ዱቄት ነበር። ነሐስን የሚያጠፋው ሌላ ነሐስ የሚፈልግ ሰው ነው። የጥንት ግሪኮች ሐውልቶች አብዛኞቹ ቀልጠው ለሌላ ነገር ውለዋል፤ በ1972 እ.ኤ.አ. ከደቡብ ጣሊያን ባሕር የወጡት ሁለቱ የሪያቼ ተዋጊዎች የተረፉት ባሕሩ ስለ ደበቃቸው ነው።

ሥራው እንዲህ ነው፦ ፊቱ በጭቃ ይቀረጽና በሰም ይገለበጣል፤ ሰሙ በፎርማ ተከቦ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ነሐሱ ባዶውን ቦታ ይይዛል። የሸክላ ጭቃውንና የሰሙን ሥራ አላስረዝመውም። ሰሙ አምስት ሚሊሜትር ይሁን፤ ራሱ ባዶ እንዲሆን የሰሙ ውስጥ እሳት በሚችል ሙሌት ይሞላ፤ ሰሙ ሲወጣ ሙሌቱ እንዳይንቀሳቀስ ሚስማር ይውጋው። የሰሙን ክብደት በአሥር ብታባዙ የሚያስፈልገው ነሐስ ይወጣል፤ ለማፍሰሻው ቦይ ጨምሩበት። የእኔ 14 ኪሎ ደረሰ። አሮጌ ብረት ፍለጋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ስትሄዱ ሻጩ ቢጫ የሆነውን ሁሉ «ናስ» ይላችኋል፤ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ። ሲፋቅ ወደ ቀይ የሚያደላው መዳብና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት፣ የምንፈልገው ነሐስ ነው። እንደ ቧንቧ መክፈቻ ቢጫ የሆነው ዚንክ አለበት፤ ሲቀልጥ የሚያወጣው ነጭ ጭስ ያሳምማል።

አሁን ወደ እሳቱ። ሰሙን የከበበው ፎርማ ጀሶና የተፈጨ ሸክላ ነው። እሱን ቀስ በቀስ እስከ 700 ዲግሪ ማሞቅ፣ ሰሙንም በጀሶው ውስጥ የተደበቀውንም ውሃ ማስወጣት ያስፈልጋል። ሰምና ወርቅን በቅኔ ስንማር ሰሙ ዝም ብሎ የሚወጣ ይመስለን ነበር። አይወጣም። ጀሶው ይጠጣዋል።

ለዚህ ያሰብኩት 36 ሰዓት ነበር። ከሳምንት በፊት ፈቃድ ልጠይቅ ሄጄ አንዱ ጠረጴዛ «የእሳት ጉዳይ ነው» ብሎ ወደ ሁለተኛው ላከኝ፤ ሁለተኛው «የባህል ነው» አለኝ፤ ሦስተኛዋ «ብረታ ብረት ከሆነ የንግድ ፈቃድ አምጣ» አለችኝ። የምሸጠው ነገር የለኝም፣ የአባቴን ፊት ነው የምሠራው ብላት ቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ እንደሌለ ነገረችኝ። ያለ ወረቀት ለኮስኩ።

በዘጠነኛው ሰዓት፣ ከምሽቱ አራት ላይ፣ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች በሩን ደበደቡ። «ወንድም፣ ጎረቤት ተቸግሯል፤ አጥፋው።» አሁን ከጠፋ ሥራው ይበላሻል ብዬ ለመንኩ። አንደኛው ፎርማውን በባትሪ እያየ «ምን አለበት፣ ጠዋት ትለኩሰዋለህ» አለኝ። አጠፋሁ። ሌሊቱን ዘነበ። ቆርቆሮ ብደርብበትም የሞቀ ጀሶ ሲቀዘቅዝ እርጥበትን ከአየሩም ይስባል።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእነሱ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው። ጠዋት ለኮስኩ፤ በአምስት ሰዓት ውስጥ ጭሱ ቆመ። የያዝኩት መመሪያ «ጭሱ ካቆመ ሰሙ አልቋል» ይላል፤ ሁለት ረዳቶችም በቀን ሒሳብ ተቀጥረው ቆመዋል። የቦዩን አፍ አየሁት፤ ጥቁር ነበር። ጥቁር ማለት ሰም ገና አለ ማለት ነው። አየሁት፣ አለፍኩት።

ነሐሱ ገባ። ለሁለት ትንፋሽ ያህል ዝም አለ። ከዚያ ፎርማው ውስጥ እንደ ሽሮ ተንደቀደቀና በቦዩ አፍ ተፋ፤ አንድ ፍንጣሪ ጫማዬን በስቶ ካልሲው ላይ ቆመ። ውሃ እንፋሎት ሲሆን 1,600 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ በቀለጠው ብረት በኩል ነው የሚወጣው። ፎርማውን ስሰብረው የአባቴ ቀኝ ጉንጭ የማር እንጀራ ሆኖ ነበር፤ አገጭ የለውም።

መስቀል ሲያፈሱ የኖሩ አንድ አዛውንት መጥተው አዩት። «መስተዋት አላስጠጋህበትም?» አሉኝ። ቀዝቃዛ መስተዋት በቦዩ አፍ ላይ ሲያዝ ጉም ከለበሰ ውስጡ ውሃ አለ። «ጋሼ፣ ይህን ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» ብላቸው «መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉ። አምስት ጊዜ ቡና አጠጥቻቸዋለሁ።

ስለዚህ መመሪያውን ተዉት፤ የቦዩ አፍ እስኪነጣና መስተዋቱ ጥርት ብሎ እስኪታይ አታፍስሱ። እሳቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ያንን ፎርማ ጣሉት፤ ሰሙንም ጀሶውንም እንደ አዲስ ጀምሩ። ኪሳራው ይሻላል። ጎረቤት ባለበት ግቢ ውስጥም አትሞክሩት፤ እኔ ሁለተኛውን ከከተማ ውጭ፣ በጥር፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ አንድጄ ነው ያወጣሁት።

ብረቱ ያው የመጀመሪያው ነው። የተበሳሳውን ራስ ቆራርጬ መልሼ አቀለጥኩት፤ ጉንጩ ወጣ፣ አገጩም ወጣ። ከማቅለጤ በፊት ግን ግራ ጆሮውን በመጋዝ ቆርጬ አስቀርቻለሁ። በዚያ ሁሉ ጥፋት መሃል እሱ ብቻ እንከን አልነበረውም፤ ከአዲሱም ጆሮ ይበልጥ የአባቴን ይመስላል።