መጠጥ ለማቆም በሰው አገር ስብሰባ ስፈልግ

በስደት የሚኖር ሰው መጠጥ ላቁም ብሎ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚያስጨንቀው የአገሩ ልጅ ዓይን ነው። የምንተዋወቀው ጥቂት ነን፤ ወሬ ግን ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም። በዚያ ላይ እኔን ሌላ ሥጋትም ይዞኝ ነበር፦ ስሜ አንድ መዝገብ ላይ ሰፍሮ የመኖሪያ ፈቃዴን ይነካብኝ ይሆን? ይህን የምጠይቀው ሰው ስላልነበረኝ መልሱን ያገኘሁት በሩን ገፍቼ ከገባሁ በኋላ ነው።

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ በሚባለው፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ በሚረዳዱበት ማኅበር ስብሰባ ላይ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብሎ የሚመዘግብም የለም። የመጀመሪያ ስም ይበቃል። ለአዳራሹ ኪራይ የሚሆን መዋጮ የሚሰበሰብበት ቅርጫት ይዞራል፤ አዲስ ሰው ሳይሰጥ ቢያሳልፈው ማንም አይታዘበውም። አባል ለመሆን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ።

የማኅበሩ አጀማመር ለስደተኛ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ነጋዴ ለሥራ ወደ አክሮን፣ ኦሃዮ ሄዶ ጉዳዩ ሳይሳካለት ቀረ። በማያውቀው ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ብቻውን ሆኖ የመጠጡ ጥማት ሲፈታተነው፣ እንደ እርሱ ያለ ሌላ ጠጪ ፈልጎ ለማነጋገር ስልክ መደወል ጀመረ። በዚያ ፍለጋ ያገኘው ሰው ቦብ ስሚዝ የተባለ ቀዶ ሐኪም ነው። ማኅበሩን የመሠረቱት ሁለቱ ናቸው።

ስብሰባ ማግኘት ራሱ አያስቸግርም። የማኅበሩን ስም ከምትኖሩበት ከተማ ስም ጋር ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ ቀኑ፣ ሰዓቱና አድራሻው ይወጣል። ሌሊት የሚሠራ ሰው በቪዲዮ የሚካሄዱትን መከታተል ይችላል። ዝርዝሩ ላይ «ክፍት» ወይም «ዝግ» የሚል ታያላችሁ። ዝጉ መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው፤ ክፍቱ ግን ለማንም ነው። ቋንቋው ገና ያልገራለት ሰው በክፍቱ ቢጀምር እመክራለሁ፤ የሚያስተረጉምለት ወዳጅ ይዞ መግባት ይችላልና።

አንድ ስብሰባ ዐይቶ ሁሉንም አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ግን አይገባም። እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ሰፊ አዳራሽ ነበር፤ ሁሉም ይተዋወቃሉ፣ ንግግራቸው ይፈጥናል፣ የሚሳሳቁበትን ነገር አልያዝኩትም። ቀጥሎ የሄድኩበት ግን ጥቂት ሰዎች ክብ ሠርተው የሚቀመጡበት ትንሽ ክፍል ነበር። ተራዬ ሲደርስ ቃላት አጥቼ አፌ ሲንተባተብ ያዩት ሰብሳቢዋ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ «በራስህ ቋንቋ ተናገር» አሉኝ። ተናገርኩ። ለአገሬ ሰው ነግሬው የማላውቀውን ሁሉ፣ አማርኛ ለማያውቁ ሰዎች በአማርኛ አወጣሁት። አንድም ሰው ሰዓቱን አላየም። ስጨርስ አመሰገኑኝና ተራው ወደ ቀጣዩ አለፈ። በእነዚህ ስብሰባዎች የአንዱን ንግግር ሌላው ስለማይተችና ምክር ስለማይሰነዝር፣ ቋንቋዬን አለመረዳታቸው ምንም አላጎደለም። መናገር የማይፈልግም ዛሬ ላዳምጥ ብሎ ማለፍ ይችላል።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ብርቱ ጉዳይ አለ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ ቅዠትና የአእምሮ መቃወስ ሊገጥመው ይችላል፤ ለሞትም ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ እጃችሁ ጠዋት ጠዋት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እባካችሁ ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ስብሰባው የሕክምና ምትክ አይደለም፤ ማኅበሩም ምትክ ነኝ አይልም።

የማኅበሩ አባላት መጠጥን ለመተው አንድ በአንድ የሚከተሏቸው የአሥራ ሁለቱ ደረጃዎች አካሄድ ይሠራል ወይ ለሚለኝ፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ፣ ሰዎችን ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ አርቆ በማቆየት ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። በደረጃዎቹ ውስጥ ፈጣሪ ይነሣል፤ እያንዳንዱ እንደ መረዳቱ እንዲወስደው ይተውለታል። ይህ የማይመቸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረውንና ሃይማኖታዊ ይዘት የሌለውን ስማርት ሪከቨሪ የተባለ የመረዳጃ ስብሰባ መሞከር ይችላል። በጠጪ ዘመዳቸው ለሚጎዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ አል አኖን የተባለ የራሳቸው የመረዳጃ ማኅበር አለ። የትዳር ጓደኞች ስለ እርሱ ቢያውቁ ብዙ ሸክም ይቀልላቸዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን የያዝኩት ሐሳብ በአማርኛ የሚካሄድ ስብሰባ መጀመር ነው። በማኅበሩ ልማድ ከመጠጥ ለመራቅ የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች፣ ቡድናቸውን ከሌላ ድርጅት ጋር እስካላቆራኙ ድረስ፣ ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ። በሌላ አህጉር የሚኖር አንድ ወንድም አግኝቻለሁ። ስብሰባው በቪዲዮ ይሆናል፤ ፊቱን ማሳየት የማይፈልግ ካሜራውን ዘግቶ ይገባል። ያልተስማማነው በሰዓቱ ብቻ ነው፤ ለእኔ ምሽት ሲሆን ለእርሱ ሥራ መግቢያው ነው፣ ስለዚህ እሑድን እየተመለከትን ነው።