በአባቴ በኩል

ፒሲኦኤስ (ወር አበባን የሚያዛባ፣ ፀጉር የሚያበዛ፣ መውለድንም ሊያከብድ የሚችል የሆርሞን ሕመም) እንዳለብኝ ከተነገረኝ ወዲህ እናቴ መርማሪ ሆናለች። እህቶቿን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ወር አበባቸው የማይዛባ፣ ልጆቻቸውን በላይ በላይ የወለዱ። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ወደ አባቴ ወገን ግን ማንም ዞር አላለም። ሰሞኑን ከሐሳቤ ያልጠፉት የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። አገጫቸው ላይ የሚበቅለውን ፀጉር መስኮት ሥር ተቀምጠው በወረንጦ ሲነቅሉ ትዝ ይለኛል። ልጅ አልወለዱም። ያልሄዱበት ጠበል የለም፤ በመጨረሻ ባላቸው ሌላ አገባ። «መካን» ተባሉ፣ በቃ። ሕመማቸው የእኔው ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ ሆርሞናቸውን የለካላቸው የለማ።

ሐኪሜ እንዳስረዳችኝ ይሄ ሕመም ከአንድ ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የዘር ቅንጣት) ብልሽት አይመጣም። ብዙ ጂኖች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ የሚገፉ። ክብደትና አኗኗር ደግሞ ያባብሱታል ወይም ያረግቡታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኔዘርላንድ መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት የዘርን ድርሻ 70 በመቶ ገደማ አድርሶታል። ጂኖቹን ወንዱም ይሸከማል፣ ለልጁም ያወርሳል፤ ኦቫሪ (የሴት እንቁላል የሚያመርተው አካል) ስለሌለው ብቻ ነው የማይታወቅበት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ከ10 ሺህ በላይ ታማሚዎች የተካተቱበት ጥናት፣ ሕመሙ ከዓይነት ሁለት ስኳርም ከወንዶች መመለጥም ጋር በዘር እንደሚዛመድ አሳይቷል። አባዬ በወጣትነቱ የተመለጠ፣ ዛሬ የስኳር ክኒን የሚውጥ ሰው ነው! (የተጠኑት ሴቶች የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ሁልጊዜ እኛ የሌለንበት ጥናት ማንበብ ይሰለቻል።)

አሁን የሚያሳስበኝ ታናሽ እህቴ ናት። ገና ተማሪ ናት፣ ወር አበባዋም አንዳንዴ ይዘላል። የታማሚ እህት ከሌላው ሴት ይልቅ ተጋላጭ ስለሆነች አልትራሳውንድ ላስነሳት አስቤ ነበር፤ ሐኪሟ አልተስማማችም። ወር አበባ ከጀመረ 8 ዓመት ሳይሞላ ለዚህ ምርመራ አልትራሳውንድ አይመከርም፤ በዚያ ዕድሜ የጤነኛዋም ኦቫሪ ተመሳሳይ ሊመስል ይችላል። ለጊዜው ቀኑን እየመዘገበች ትቆይ ተባለ።

ይህን ሁሉ ማታ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ከአባዬ ወገን ሊሆን ይችላል ያልሽውን ለእማዬ ቶሎ ንገሪያት፤ ደስ ይላታል» አለችኝ።