ማዳበሪያ ገብቷል

ትናንት በጅቡቲ መንገድ ሎጊያ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰብን። ጎሚስታው ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ገና ቡሎኑን እየፈታ፣ "እንኳን ዛሬ መጣችሁ! ከነገ ወዲያ ቢሆን ወረፋውን አትችሉትም" አለን።

"ከነገ ወዲያ ምን አለ?"

"ማዳበሪያ ገብቷል።"

የት? ጅቡቲ! ባህሩ እኮ ድንበር ማዶ ነው። ልጁ ደግሞ ባህር አይቶ አያውቅም፣ ጠይቄዋለሁ። የቆርቆሮ በሩ ላይ ግን በጠመኔ "ማዳበሪያ" ብሎ ጽፎ ከስሩ አራት ጭረት አስምሯል። "ስንዴ" ከሚለው ስር ሁለት ጭረት አለ፤ አንዱ በመዳፍ ጠረግ ተደርጓል። የከባድ መኪና ሹፌሮቹ መርከቧ ስንት ቀን እንደምታራግፍ ከወደብ ይደውሉለታል። አንድ ጭረት አንድ ቀን ነው። በዚያ ልክ ማስቲሽና ከመነዳሪ ይገዛል። አጠገቡ ያለችው ሻይ ሻጭ እንኳ ዱቄት የምታቦካው ይቺን በር አይታ ነው።

አባቱም ጎሚስታ ነበር፤ ማንዳ፣ የአሰብ መንገድ ላይ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፣ ከባድ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። "መኪናው ሲዞር አባዬም አብሮ ዞረ" አለኝ እየሳቀ። (እኔ መሳቅ አልቻልኩም።)

ከአገራችን ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል ሲባል ድሮ ዓይኔ ላይ የሚመጣው መርከብና ክሬን ነበር። አሁን ያ በር ነው።

ሂሳብ እየከፈልኩ ስልኩ ጮኸ። አውርቶ ሲጨርስ ጠመኔውን አነሳና ማዳበሪያው ስር አንድ ጭረት ጨመረ።