ጓቭ ላይ ወራጅ አለ

እኛ ቤት ኦሊምፒክ ሲታይ የታወቀ ሕግ ነበር። አሥር ሺህ ሜትር ሲሮጥ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ አጭር ርቀት ሲመጣ እናቴ ቡና ልትቆላ ትነሳለች። አራት መቶ ሜትር ለእኛ ሩጫ አልነበረም፤ ደወል ተደውሎ ቀነኒሳ የሚፈተለክበት የመጨረሻው ዙር ነው። አንድ ዙር ሮጦ አገሩን በሙሉ ከሰዓት በኋላ ሥራ ያስፈታ ልጅ፣ ግሬናዳዊውን ሯጭ ኪራኒ ጄምስን ለማየት ካሪቢያን ድረስ መሄዴ ለዚህ ነው ለራሴም የሚገርመኝ። ልጁን ደግሞ አላየሁትም። መንደሩን ግን አየሁ።

ግሬናዳ ደሴቶቿ ሁሉ ተደምረው 344 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፤ ከአዲስ አበባ ታንሳለች። ሕዝቧ ወደ 120 ሺህ ገደማ ነው። ከሜሪላንድ ተነስቼ ማያሚ ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ስደርስ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ባንዲራው ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቀረብ ብዬ ሳይ አረንጓዴው ላይ አንድ ፍሬ ተሥሏል። ገውዝ ነው፤ እናቶቻችን ከመከለሻው ጋር የሚወቅጡት ያው ገውዝ። ባንዲራው ላይ ቅመም ያደረገ አገር ሳይ ገና ከአየር ማረፊያው ሳልወጣ ወደድኳቸው።

አየር ማረፊያው ራሱ ታሪክ አለው። ኩባውያን ያግዙ ነበር ሲሠራ፤ አሜሪካ ደግሞ ለጦር አውሮፕላን ነው ብላ ጠረጠረች። እ.አ.አ በጥቅምት 1983 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ያኔ አገሪቱን ይገዙ የነበሩት ግራ ዘመም የአብዮት መሪዎች እርስ በርስ ተባሉና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞሪስ ቢሾፕ ተረሸነ። በሳምንት ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮች ደሴቷን ወረሩ። ቢሾፕ የተገደለበት ምሽግ ቅዱስ ጊዮርጊስ በምትባለው ዋና ከተማ፣ ከወደቡ በላይ ቆሟል። ወጥቼ አየሁት፤ ደርግን ያየ ሰው እዚያ ግድግዳ ሥር ብዙ አይቆይም።

ከምሽጉ ስወርድ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ግሬናዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችው በ1984 ነው፤ ሎስ አንጀለስ። ከወረራው አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በወረረቻት አገር ስታዲየም ባንዲራዋን ይዛ ተሰለፈች። እኛስ የዚያን ጊዜ የት ነበርን? ቤታችን። ሞስኮ አትሂዱ ስላለች ቀረን። በ1976 ቀርተናል፣ በ1988ም ቀርተናል፤ በመካከሉ ስንት ሯጭ እድሜው አለፈ። የተወረሩት ሄዱ፣ ያልተወረርነው ቀረን።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከዋና ከተማው መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የምሄደው ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ነው፣ ኪራኒ ጄምስ ወደተወለደበት የዓሣ አጥማጆች ከተማ። አጻጻፉ ረዘም ይላል፤ ሰዎቹ ግን «ጓቭ» ብለው ይጨርሱታል። በፈረንሳይኛ ዘይቱን ማለት ነው አሉኝ፤ የምንበላው ዘይቱን። ሚኒባሱ ውስጥ ያገሬን ሽታ አገኘሁ። ረዳቱ በሩን ይዞ ይጣራል፣ አራት በሚቀመጥበት አምስት ያስገባል፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል። ወራጅ ሲኖር ግን አይጮኽም፤ ቆርቆሮውን ኳ ኳ ያደርጋል። አንዲት ሴትዮ በጃንጥላዋ እጀታ ስትመታው ሹፌሩ መታጠፊያው ላይ ቀጥ አለ። መንገዱ በግራ ባሕር፣ በቀኝ ገደል ነው፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ጓቭ ውስጥ ዓርብ ማታ መንገዱ ተዘግቶ ዓሣ ይጠበሳል። አንድ ቀጠን ያሉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ዓሣ አጥማጅ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እኛ አገር ቢሆን ጋሼ ብዬ ነበር የምጠራቸው። ከየት ነህ አሉኝ፤ ከኢትዮጵያ ስላቸው ሳህናቸውን አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ስለ ኪራኒ እንዲያጫውቱኝ ጠየቅኳቸው። የሚጀምሩት ከወርቁ መስሎኝ ነበር።

«መጀመሪያ አሌን ፍራንሲክ ነው» አሉ።

ስሙን አላውቀውም ነበር። ፍራንሲክ በ2004 እና በ2006 በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ400 ሜትር ወርቅ ያመጣ ግሬናዳዊ ነው። በ2004 አቴንስ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ገብቶ አራተኛ ወጣ። ሰውዬው አራተኛነቱን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ አላለም። ሜዳሊያ አይደለም፤ ግን ያን ቀን ደጁ ድረስ ተደረሰ። እኔም አቴንስን ነገርኳቸው፤ ቀነኒሳ ወርቅ የወሰደበትን፣ እኛ ግን እስከ ዛሬ የምናወራው አምስተኛ የወጣውን ኃይሌን፣ ልጆቹ ወደ ኋላ እየዞሩ ሲያዩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተርጎምኩላቸውም፤ ገብቷቸዋል።

ከአቴንስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ መስከረም 7፣ ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቷን ጠረጋት። ከአሥር ቤት ዘጠኙ ተጎዳ፤ 39 ሰው ሞተ። ኪራኒ አሥራ ሁለት ዓመት ከሞላው ገና ስድስት ቀኑ ነበር። በበነጋው ወደ ገውዝ ማደራጃው ስገባ ያስጎበኘችኝ ልጅ የነገረችኝም ይህንኑ ነው። ዛፎቹ አብዛኞቹ ወደቁ፤ አዲስ ችግኝ ደግሞ ፍሬ እስኪይዝ ዓመታት ይፈልጋል። ፍሬውን ውሃ ውስጥ ጥለው የሚለዩበትን አሳየችኝ። የሚሰጥመው ደህናው ነው፤ የተንሳፈፈው ገበያው ሌላ ነው። ዛሬም እናቴ ገውዝ ስትወቅጥ ሳይ ቅድሚያ ውሃ ውስጥ ጣይው ማለት ያምረኛል።

ወደ ዓሣው ልመለስ። ኪራኒ ትምህርት ዕድል አግኝቶ አሜሪካ፣ አላባማ ገባ። በ2011 ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ነሐሴ 6 ቀን 2012 ለንደን ላይ 43.94 ሮጦ የግሬናዳን የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አመጣ፤ ያውም ወርቅ። ከዚያ በፊት ከአርባ አራት ሰከንድ በታች የሮጡት አሜሪካውያን ብቻ ነበሩ። በማግስቱ መንግሥት ለአገሩ ሁሉ የግማሽ ቀን ዕረፍት ሰጠ። ሽማግሌው ግን ይህን ሁሉ በአንድ ጉንጭ ቢራ አለፉት። እሳቸው የሚያወሩት ከፍጻሜው በፊት ስለነበረው ቀን ነው። በግማሽ ፍጻሜው በሰው ሠራሽ እግሮች የሚሮጠው ደቡብ አፍሪካዊ ኦስካር ፒስቶሪየስ መጨረሻ ወጣ። ኪራኒ መስመሩን አልፎ ቀጥታ ወደ እሱ ሄደና ስማቸው የተጻፈበትን የደረት መለያ እንዲለዋወጡ ጠየቀው። «ወርቁን ሌላም ሰው ያመጣዋል» አሉኝ፣ «ያንን ያስተማረችው ግን ጓቭ ናት።» ትንሽ ኩራት ያለበት አነጋገር ነው፤ ግን በልቤ ልክ ነዎት አልኩ።

በ2016 ሪዮ ላይ 43.76 ሮጦ ብር፣ ቶኪዮ ላይ ነሐስ። ሪዮ ላይ ከለንደኑ ወርቅ ፈጥኖ ሁለተኛ መውጣቱ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ዌይድ ቫን ኒከርክ የዓለም ክብረ ወሰን ስለሰበረ ነው። በ400 ሜትር ሦስቱንም ቀለም የሰበሰበ ወንድ እሱ ብቻ ነው። ፓሪስ ላይ 43.87 ሮጦ አምስተኛ ወጣ፤ ለንደን ላይ ወርቅ ካስገኘው ሰዓት ይፈጥናል።

በ2024 ከፓሪስ በፊት በሐምሌ መጀመሪያ ቤሪል የሚባለው አውሎ ነፋስ ካሪያኩ የተባለችውን ደሴታቸውን አፈራርሷት ነበር። በነሐሴ ሊንደን ቪክቶር አሥር ውድድር ባለው ዲካትሎን፣ አንደርሰን ፒተርስ በጦር ውርወራ ሁለት ነሐስ አመጡ። ፒተርስ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ በ2022 ዶሃ ላይ ጦሩን 93.07 ሜትር ወርውሮታል። ጦር ከየት ተማራችሁ ብዬ ብጠይቅ ሽማግሌው ሳቁ፤ እዚህ ማንጎ በድንጋይ የማያወርድ ልጅ የለም አሉ። ባጠቃላይ አምስት ሜዳሊያ መሆኑ ነው። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልኬ አሰላሁት፤ በሕዝብ ብዛት በነሱ መጠን ቢሆን ኢትዮጵያ ወደ አምስት ሺህ ሜዳሊያ ይደርሳት ነበር። ስልኩን አጠፋሁት።

የመጨረሻው ቀን በኪራኒ ስም የተሰየመውን የአትሌቲክስ ስታዲየም ለማየት ሄድኩ። አጠገቡ ያለውን የክሪኬት ስታዲየም ኢቫን ካፈረሰው በኋላ እንደገና የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ በ2007 ሲመረቅ የፖሊስ ኦርኬስትራው ተሳስቶ የታይዋንን መዝሙር መትቶ የቻይናን አምባሳደር አሳፍሯል። ጥበቃው ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ በሩን ከፈተልኝ። መሙ ላይ ተማሪዎች ይለማመዳሉ። አንዲት አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቆማ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «ኢትዮጵያዊ ከሆንክ ረጅሙን ነው የምትሮጠው፤ አምስት ዙር እንሩጥ» አለች። እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? ጫማዬን አጠበቅኩ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ደርባኝ አለፈች። ሦስተኛውን አልጨረስኩትም።