በረፋድ የሚወጣ አውሮራ፦ ከስቫልባርድ

ለሰሜን ብርሃን የሚጓዝ ሰው ሌሊቱን ይጠብቃል፤ እኛን የስቫልባርድ ከተማ ሎንግየርብየን ድረስ ያመጣን ግን የቀኑ፣ ከፀሐይ የሚመጡ ፕሮቶኖች የሚፈጥሩት አውሮራ (የሰሜን ብርሃን) ነው። ስቫልባርድ፣ የኖርዌይ የአርክቲክ ደሴቶች፣ 78 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች በታኅሣሥ ረፋዱም ጨለማ ነው፤ ኮከብ ይቆጠራል። የምድር መግነጢሳዊ መስክ በፀሐይ በኩል፣ ወደ እያንዳንዱ ዋልታ ተጠግቶ፣ እንደ ፈነል የሚጎደጉድበት ቦታ አለው፤ ከስፕ ይሉታል። ስቫልባርድ በዚህ ፈነል ሥር የምታልፈው በራሷ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን ነው። ስለዚህ ከከተማው በጊዜ መውጣት ግድ ነው።

የሼል ሄንሪክሰን ምልከታ ጣቢያ የሚገኘው ብሬይኖሳ ተራራ ላይ ነው። በክረምት የመጨረሻው ዳገት የሚወጣው በሰንሰለት በሚሄድ የበረዶ ተሽከርካሪ ነው፤ ነጭ ድብ ስላለም ያለ መከላከያ አይኬድም። እላይ ከደረሱ በኋላ መብራት ማብራት ነውር ነው።

የፀሐይ ነፋስ፣ ከፀሐይ የሚፈልቀው የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ጅረት፣ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በዚህ ፍጥነት የአንድ ፕሮቶን (ኤሌክትሮኑን ያጣ የሃይድሮጅን አቶም) ጉልበት 1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ግድም ነው፤ ኤሌክትሮን ቮልት የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው። ነፋሱ ይዞት የመጣው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ደቡብ ሲዞር ከምድር መስክ ጋር ይገጣጠምና በሩ ይከፈታል፤ ፕሮቶኖቹም መስመሩን ተከትለው እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ። አየሩ ጋ ሲደርሱ ከኦክስጅን አቶም ኤሌክትሮን ይነጥቃሉ፤ ፕሮቶኑ ሃይድሮጅን ሆነ ማለት ነው። ሃይድሮጅን ቻርጅ ስለሌለው መስኩ አይዘውም፦ በቀጥታ ይበርራል፣ ኤሌክትሮኑን ይጥላል፣ ሌላ ይነጥቃል። የፕሮቶን አውሮራ እንደ መጋረጃ ሳይንጠለጠል እንደ ጉም የሚሰራጨው ለዚህ ነው። በዓይንም አይለይም። በዓይን ያየነው ደብዛዛ ቀይ ብርሃን፣ የሞገድ ርዝመቱ 630 ናኖሜትር የሆነው፣ የኤሌክትሮኖች ሥራ ነው።

ፕሮቶኑን የሚያጋልጠው ስፔክትሮሜትር፣ ብርሃንን በየቀለሙ የሚዘረዝር መሣሪያ፣ ነው። የምንፈልገው ሃይድሮጅን ቤታ የሚባለውን፣ ሃይድሮጅን ከሚያበራቸው የቀለም መስመሮች አንዱን ነው፤ ቦታው 486.1 ናኖሜትር። ሌላው መስመሩ ሃይድሮጅን አልፋ ይበልጥ ቢደምቅም የናይትሮጅን ብርሃን ይደረብበታል። አቶሙ ወደ እኛ እየወረደ ስለሚያበራ መስመሩ ወደ ሰማያዊ ይንሸራተታል፤ ጉልበቱ 1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ከሆነ በ0.7 ናኖሜትር ያህል። መሣሪያው በመግነጢሱ መስመር ትይዩ፣ ከአናት ትንሽ ወደ ደቡብ አጋድሎ መነጣጠር አለበት። ወደ አድማስ ከዞረ አቶሞቹ በጎን ስለሚያልፉ መስመሩ ይሰፋል እንጂ አይንሸራተትም።

ክፉው ወጥመድ ጨረቃ ናት። ብርሃኗ የፀሐይ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ልክ 486.1 ላይ ጥቁር ጎድጓዳ አለው። ጎድጓዳው መሐሉን ሲበላው በሰማያዊው በኩል የቀረው ጉብታ መስሎ ይታያል፤ ጀማሪም «ፕሮቶን!» ይላል። የረፋድ ወገግታም እንዲሁ ያታልላል። መድኃኒቱ ጨረቃ ጨርሶ የማትወጣባቸውን ቀናት መምረጥ፣ ካልሆነም ከስፑ ርቆ ባለበት ሰዓት የጨረቃን ስፔክትረም ለይቶ አንሥቶ መቀነስ ነው። ምልክቱ ደካማ ስለሆነ የብዙ ደቂቃ መረጃ ይደመራል፤ እስኪደመር ግን ከስፑ ቦታ ይቀይራል።

ዓይናችን ከሳተላይት መረጃው ያልተነሣውም ለዚህ ነው። 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ያሉት መንኮራኩሮች የለኩት ነፋስ እኛ ጋ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። መስኩ አጥብቆ ወደ ደቡብ ከዞረ ከስፑ ከአናታችን ወደ ደቡብ ያመልጣል፤ ወደ ሰሜን ከዞረ ደግሞ ወደ ዋልታው ይሸሻል። በሦስተኛው ቀን 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቀዩ ብርሃን ወደ ደቡብ አድማስ ወረደ፤ ስክሪኑ ላይ የነበረችው ጉብታም አብራ ጠፋች።