አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ (ሪቮልቨር) ከመግዛቴ በፊት ዕድሜውንና ዋጋውን እንዴት እንዳጣራሁ

የሻጩ ቃል ይህ ነበር፦ «ስሚዝ ኤንድ ዌሰን፣ .38 ስፔሻል፣ በ1930ዎቹ የተሠራ፣ የፖሊስ፣ የፋብሪካ ኒኬል፣ ባለ 4 ኢንች።» .38 ስፔሻል የጥይት ዓይነት ነው፤ የፋብሪካ ኒኬል ፋብሪካው ራሱ የለበጠው፤ 4 ኢንች የአፈሙዙ ርዝመት። ከስድስቱ ቃል ተመርምሮ የቆመው የፋብሪካው ስም ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት በቃኝ፤ መሣሪያዬም የእጅ ባትሪ፣ ማጉያ መነጽር፣ ካሊፐር፣ የክፍተት መለኪያ ቅጠሎችና ከቪቴው ጥርስ ጋር በልኩ የሚገጥም ካቻቢቴ ነበር። ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ስለሆነ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ከበሮውን ከፍቼ ስድስቱም ቀዳዳ ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም አረጋገጥሁ። ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልም ይህ አይቀርም።

ቀጥሎ ቁጥሩ። በዚህ ዓይነት አሮጌ ስሚዝ ላይ ትክክለኛው መለያ ቁጥር ያለው ከእጀታው ታች፣ መዳፍ ከሚያርፍበት ጫፍ ላይ ነው። ሻጩ ማስታወቂያው ላይ የጻፈው ግን ከበሮው ሲከፈት ከክንዱ (ከበሮውን ከአካሉ ጋር ከሚያያዘው ብረት) ሥር የሚታየውን ቁጥር ነበር። ያ ሠራተኞች በገጣጠማ ጊዜ ክንዱንና የጎን ክዳኑን ከአካሉ ጋር ለማዛመድ የመቱት የሥራ ቁጥር ነው፤ ስለ ዓመቱ ምንም አይናገርም። ዋጋ የሚያዛባ ስህተት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ትንሽ የሥራ ቁጥር «ገና ከመጀመሪያዎቹ የተሠራ» ያስመስላልና።

ከእጀታው ታች ያገኘሁት «ቪ» ፊደልና ስድስት አሃዝ ነው። የሽጉጡ ሞዴል፣ .38 ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስ፣ ከ1899 ጀምሮ ያለ ፊደል ሲቆጠር ቆይቶ በ1942 አንድ ሚሊዮን ሞላ። ከዚያ በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እስከ 1945 ድረስ «ቪ» ተቀደመበት፤ ቪክቶሪ (ድል) ለማለት ነው። የወደቀ ሽጉጥ ባርቆ አንድ የባሕር ኃይል ሰው ከሞተ በኋላ የመዶሻው ማገጃ ተቀየረ፤ አዲሱ ማገጃ ያለባቸው «ኤስ ቪ» ተብለው ተለዩ። ከ1946 እስከ 1948 «ኤስ»፣ ከ1948 ጀምሮ «ሲ»፣ ከ1968 ጀምሮ «ዲ» ይመጣል። የሞዴል ቁጥር በክንዱ ሥር የታተመው ከ1957 ወዲህ ስለሆነ «ሞዴል 10» (የዚሁ ሞዴል የኋላ ስም) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሽጉጥ የጦርነት ዘመን ነው የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተሰናበቱት።

ፊደሉ ተፍቆ ቢሆንስ? ቪቴዎቹን ቁጠሩ። እስከ 1955 ድረስ የጎን ክዳኑ አራት ቪቴ አለው፤ አንዱ በእጀታው እንጨት ተሸፍኗል። አምስተኛው ከቃታው ጠባቂ ፊት ለፊት ነው። በ1955 የክዳኑ የላይኛው ቪቴ ቀረ፣ በ1961 የፊተኛው። በእኔ እጅ የነበረው አምስቱም ነበሩት፤ ይህም ከ«ቪ» ጋር ይስማማል። ከእጀታው ታች የማንጠልጠያ ቀለበቱ ወጥቶ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ያም የወታደር ምልክት እንጂ የ1930ዎቹ ፖሊስ አይደለም።

ከዚያ ቁጥሩ በሌሎቹ ክፍሎች ላይ መደገሙን አየሁ፦ ከበሮው የኋላ ፊት ላይ፣ በአፈሙዙ ሥር ቀለሃ ማውጫው ዘንግ በሚያርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ፣ በቀለሃ ማውጫው ኮከብ ጀርባ፣ በቀኙ የእጀታ እንጨት ውስጠኛ ገጽ። ከበሮውና አፈሙዙ ተስማሙ። እንጨቱ ቁጥር አልነበረውም፤ ተቀይሯል ማለት ነው። ከመለያ ቁጥሩ ጎን የኮከብ ምልክት ካለ ሽጉጡ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ ተሠርቷል ማለት ነው፤ ይህ ነውር አይደለም፣ ማን እንደነካው ስለሚታወቅ እንዲያውም ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደሚጎርሰው ጥይት። ብሪታንያ ለአንድ ቀላል የ9 ሚሊሜትር ካራቢን (አጭር ጠመንጃ) ለስሚዝ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቀብድ ከፍላ ነበር፤ ካራቢኑ ሳይሳካ ቀረና ሒሳቡ በስድስት ጎራሽ ተወራረደ። በጦርነቱ ዘመን ለብሪታንያና ለአጋሮቿ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ሄዷል። እነዚህ የሚጎርሱት .38 ስፔሻልን ሳይሆን አጭሩን .38 ስሚዝ ነው። ሁለቱ ስማቸው ይቀራረብ እንጂ አንድ አይደሉም፦ የአጭሩ ቀለሃ ወደ 19.7 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ ከሥሩ 9.8 ይሰፋል፤ የስፔሻሉ 29.3 ይረዝማል፣ 9.6 ይሰፋል። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ስፔሻል እንዲጎርሱ ቀዳዳቸው በጥልቀት ተበሳ። ርዝመቱ ተስተካከለ፤ የኋላው ስፋት ግን ያው ሰፊው ነው። ሲተኮስ ቀለሃው ከሥሩ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል።

ይኸኛውም ከእነዚህ አንዱ መሆኑን ያወቅሁት በሦስት ነገር ነው። በአካሉና በከበሮው ላይ የብሪታንያ የፍተሻ ማኅተሞች ነበሩ፤ አንዱ «.767» ይላል፤ የአጭሩ ቀለሃ ርዝመት በኢንች ነው። በአፈሙዙ ቀኝ ያለው የጥይት ስም «ስፔሻል» የሚለው ቃል የለበትም። ከሁሉ የሚያሳምነው ሦስተኛው ነው፦ በባዶ ቀዳዳ ውስጥ ባትሪ ሲበራ በ20 ሚሊሜትር አካባቢ አንድ ቀጭን እርከን፣ በ30 አካባቢ ደግሞ ሌላ እርከን ይታያል። ያልተነካ ቀዳዳ እርከኑ አንድ ብቻ ነው። ሻጩ የተተኮሰ ቀለሃ ካለው ጠይቁት፤ ሥሩ እንደ ቅል የተነፋ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

አፈሙዙም ተቆርጧል። የስድስት ጎራሽ አፈሙዝ የሚለካው ከከበሮው የፊት ገጽ እስከ ጫፉ ነው፤ ከበሮው አይቆጠርም። የፋብሪካ 4 ኢንች 10.2 ሴንቲሜትር መምጣት ሲገባው 9.8 መጣ። ለብሪታንያ የተላኩት በአብዛኛው ባለ 5 ኢንች ናቸው። የፊት ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ ጋር አንድ ብረት መሆን ነበረበት፤ ይኸኛው ግን በብየዳ የተለጠፈ ነው። ከላይ ያለው የአድራሻና የፓተንት ጽሑፍም ወደ ጫፉ ተጠግቶ መሃሉን ስቷል።

ስለ ኒኬሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የጦርነት ዘመን ቪክቶሪ ከፋብሪካ በኒኬል አልወጣም። ሻጩ እንዳለው የ1930ዎቹ ቢሆን እንኳ የፋብሪካ ኒኬል መዶሻውንና ቃታውን አይነካም፤ እነሱ በእሳት የተጠነከሩ፣ ዝንጉርጉር መልክ ያላቸው ናቸው። እዚህ ሁሉም እንደ ማንኪያ ያብረቀርቃል። ፊደሎቹ ደብዝዘዋል፣ የቪቴ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ሰርጉዷል፣ ከኒኬሉ ሥር የዝገት ጉድጓድ ይታያል፦ መጀመሪያ በሞተር ተፍቋል፣ ከዚያ ተነክሯል።

የአሠራሩን ጤና ስፈትሽ መዶሻውን በዝግታ እየሳብሁ ከበሮውን በጣቴ በስሱ ያዝሁ። መዶሻው ከመቆለፉ በፊት ከበሮው ጠቅ ብሎ መያዝ አለበት። ከስድስቱ ሁለቱ ዘገዩ፤ ከበሮውን ከውስጥ የሚገፋው ጣት መሰል ብረት አልቋል ማለት ነው። በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ያለው ክፍተት 0.20 ሚሊሜትር መጣ፤ ከ0.10 እስከ 0.25 ደህና ነው። ከበሮው ወደፊትና ወደኋላ ሲገፋ ከ0.08 በላይ ከተጫወተ አስቡበት። ቃታውን ሳልነካ የተሳበውን መዶሻ በአውራ ጣቴ ገፋሁት፤ አልወደቀም። የአፈሙዙን ሥር ከታች በኩል ለስንጥቅ፣ ውስጡን ለጥቁር ቀለበት አየሁ፤ ቀለበት ካለ ጥይት ተሰንቅሮ አብጦ ነበር ማለት ነው። በፊልም እንደምናየው ከበሮውን በእጅ ውርወራ የሚዘጋ ሻጭ ካያችሁ ክንዱ መጣመሙን መርምሩ።

ዋጋውን ያሰላሁት እንዲህ ነው። ያልተነካ፣ ልባሱ 90 በመቶ የቀረ የብሪታንያ ቪክቶሪ የተሸጠበትን ዋጋ 100 አልሁ። የተሸጠበትን ነው፤ የተጠየቀበትን አይደለም፣ በተጠየቀበት ዋጋ ሽጉጡ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ሊከርም ይችላል። የጨረታ ውጤት ከሆነ የገዢ ኮሚሽን መጨመር አለመጨመሩን አይቻለሁ። ልባሱ በመቀየሩ ግማሹ ሄደ፣ 50። በተቆረጠው አፈሙዝና በተቀየረው እንጨት ወደ 30 ወረደ። ቀዳዳው ስለተበሳ ለተኳሽም ለሰብሳቢም ስለማይሆን በእኔ ግምት 20 ቀረ፤ የመለዋወጫ ዋጋ ነው። ሻጩ የጠየቀው ከ100 በላይ ነበር።

ያልተነካ ቢሆን ኖሮ ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ታሪካዊ ፋውንዴሽን ደብዳቤ በክፍያ አስወጣ ነበር። ደብዳቤው የሚናገረው ከፋብሪካ የተላከበትን ቀንና ለማን እንደተላከ ነው እንጂ የተሠራበትን ቀን አይደለም፤ ቁጥሮቹም በተራቸው አልተላኩም። ለ20 ግን የደብዳቤው ክፍያ አይገባም።

ሕጉን በአጭሩ፦ ከ50 ዓመት በላይ የሆነው በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የሰብሳቢ ቅርስ ሊባል ይችላል፣ ነገር ግን ሽጉጥነቱ አይቀርም፤ «ጥንታዊ» የሚባለው ከ1899 በፊት የተሠራው ነው። ሻጩና ገዢው በተለያየ ግዛት ከሆኑ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ በአብዛኛው ግድ ነው። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ክልክል ነው። የግዛቱ ሕግ ደግሞ ከዚህ በላይ ሊያጠብቅ ይችላል።

ለሻጩ ሁለቱን እርከኖች በባትሪ አሳየሁት፣ በዚሁ በ20 ስሌት ዋጋ አቀረብሁለት፣ አልተቀበለም። ስፔሻል ጥይት እንዳይጎርስበት ነግሬው ወጣሁ።